ልጄን ለክለብ ካምፕ ከመስጠቴ በፊት ምን ልጠይቅ?

የመንዙ አባት (መሐል ሜዳ)

በቅድሚያ ለሁላችሁም ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሁለተኛው ልጄ 15 ዓመት ሞልቶታል፤ ዘንድሮ የ8ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። ጥር ላይ ደብረ ብርሃን በተደረገ የታዳጊዎች የእግር ኳስ ውድድር ሲጫወት የአንድ ክለብ ሰዎች አይተውት ለአሥር ቀን ሙከራ ወሰዱት፤ ሙከራውንም አለፈ። አሁን ክለቡ ልጁን ካምፕ አስገብቶ በታዳጊ ቡድኑ ሊያሠለጥነው እንደሚፈልግ ነግሮኝ አንድ ገጽ ወረቀት ልኮልኛል።

ወረቀቱ ክለቡ ምግብ፣ መኝታና የስፖርት ትጥቅ እንደሚችል፣ ልጁ ለ5 ዓመት የክለቡ ተጫዋች እንደሚሆን፣ ወላጅም በዚህ መስማማቱን በፊርማው እንደሚያረጋግጥ ይገልጻል። ስለ ትምህርት የተጻፈ ነገር የለበትም። ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመውም አይናገርም። ደውዬ ስጠይቅ «እሱን አያስቡ፣ እንደ ልጃችን ነው የምናየው» ተባልኩ። ይህን የነገረኝ ሰው ቅን እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ሰውየው ነገ ከክለቡ ቢለቅ ቃሉም አብሮት ይሄዳል ብዬ እሰጋለሁ።

ልጁ ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ተነሥቶ ብቻውን ሲሮጥና ኳስ ሲያንከባልል ሁለት ዓመት አይቼዋለሁ፤ ልከለክለው አልደፍርም። እናቱ ግን «ሌሊት ቢያመው ማንን ይቀሰቅሳል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁላትም። ከመፈረሜ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለብኝ፣ የትኛውንስ ነገር በጽሑፍ መቀበል እንዳለብኝ የምታውቁ እንድትመክሩኝ በአክብሮት እለምናለሁ።

የቀድሞ ተጫዋች (ደብረ ብርሃን)

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሳነብ አባቴ በእርስዎ ቦታ ቆሞ ታየኝ። እሱ ግን የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም፤ በደስታ ፈረመልኝ።

እኔም በ16 ዓመቴ ነው ካምፕ የገባሁት። ክለቡን በስም አልጠራውም፤ በጊዜው የነበሩት ሰዎችም ዛሬ የሉም። በአንድ ክፍል ስምንት ሆነን በተደራራቢ አልጋ እንተኛ ነበር፤ ይህ ለእኔ ችግር አልነበረም፤ እንዲያውም ከሕይወቴ ደስ የሚሉኝ ሌሊቶች የዚያን ጊዜዎቹ ናቸው። ችግሩ ትምህርት ላይ ተጀመረ። ልምምዳችን ጠዋት ስለነበረ በማታ ትምህርት ቤት ተመዘገብን፤ ማታ ደግሞ ደክሞን እንተኛለን፤ ለውድድር ስንወጣ ሁለትና ሦስት ሳምንት እንቀራለን። ማንም «ለምን አልሄዳችሁም?» ብሎ የጠየቀን አልነበረም። የ10ኛ ክፍልን ትምህርት ሳልጨርስ ቀረሁ።

በሁለተኛው ዓመት ጉልበቴ ማበጥ ጀመረ። ወጌሻችን ደግ ሰው ነበር፤ በረዶ ያደርግልኛል፣ ያሸኛል፣ በፋሻ ያስረኛል፤ ከዚያ እጫወታለሁ። አሞኛል ብሎ መቀመጥ ቦታን ለሌላ መልቀቅ ስለነበረ እኔም ሕመሙን እደብቅ ነበር። ለስድስት ወር ያህል እንዲህ ከተጫወትኩ በኋላ ሐኪም ሲያየኝ የጉልበቴ ልስልስ አጥንት ተጎድቶ ነበር። በዚያው ክረምት ለቀጣዩ ዓመት የሚቀጥሉ ልጆች ስም ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ የእኔ አልነበረበትም። ማንም ጠርቶ አላነጋገረኝም። ዕቃዬን ይዤ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ሌላ ቡድን ልሞክር ስልም የፈረምኩት ዘመን አላለቀም ተብዬ መልቀቂያ ለማግኘት አንድ ዓመት ፈጀብኝ፤ ለራሱ የማይፈልገኝ ክለብ ለሌላም አልለቀቀኝም።

ስለዚህ ጋሼ፣ ክለቡን ስለ ታወቁት ልጆቹ አይጠይቁት፤ ስለ እነሱ ሳይጠየቅ ይነግርዎታል። ባለፉት ሦስት ዓመታት ከታዳጊ ቡድኑ የተሰናበቱት ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ፣ ስንቶቹ ትምህርታቸውን እንደቀጠሉ ይጠይቁት። የሁለቱን ወይም የሦስቱን አባቶች ስልክ እንዲሰጥዎትና እርስዎ ራስዎ ደውለው እንዲያነጋግሯቸው ይለምኑ። የሄዱትን ልጆች የማያውቅ ክለብ ልጅዎም በተራው ሲሄድ አያውቀውም።

የክለብ አስተዳደር ሠራተኛ (ሰሜን ሸዋ)

የወንድማችን ታሪክ እውነተኛ ነው፤ እንዲህ ያለውን እኔም አይቻለሁ። ሆኖም ነገሩን ከጽሕፈት ቤቱ ወንበር ላይ ሆኖ የሚያየው ሰውም ሊናገር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ድርጅት በሚመደብ በጀት ነው። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ አዲሱ እስኪለቀቅ ድረስ ለምግብ አቅራቢው እንኳ የምንከፍለው የምናጣበት ጊዜ አለ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ለፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች የወር 50,000 ብር የደመወዝ ጣሪያ የተወሰነው የክለቦች ገንዘብ ሁሉ በዋናው ቡድን ደመወዝ እያለቀ ስለተቸገርን ነበር። ምክር ቤቱ በየዓመቱ የሚጠይቀን ዋናው ቡድን በደረጃ ሰንጠረዡ ስንተኛ እንደሆነ ነው፤ ስለ ታዳጊዎቹ ትምህርት አንድ ጊዜ ተጠይቄ አላውቅም። ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ አስጠኚና ኢንሹራንስ አሟሉ የሚል ግዴታ ቢጣልብን የማውቃቸው ክለቦች የታዳጊ ቡድናቸውን በማግስቱ ይዘጋሉ፤ የሚጎዳውም ያው ልጅ ነው። በመጠኑ ብትጠይቁን መልካም ነው እላለሁ።

የጤና ባለሙያ (ደብረ ብርሃን)

የክለቡን ባልደረባ ችግር እረዳለሁ፤ ነገር ግን የልጆችን ጤና ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው ነገር ብዙው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስለዚህ በዝርዝር ልጻፍ።

ወንዶች ልጆች በፍጥነት የሚረዝሙት 14 ዓመት ገደማ ነው። በዚህ ወቅት አጥንቱ ከጡንቻውና ከጅማቱ ቀድሞ ይረዝማል፤ ጅማቱ ከጉልበት ሎሚ በታች የቅልጥሙ ጫፍ ላይ የሚጣበቅበትን ቦታ፣ ተረከዙንም ጭምር እየጎተተ ያሳምማል። ይህ ሕመም በእሽት አይድንም፤ የሚያስፈልገው የልምምድ ጫናን መቀነስ ነው። አሰልጣኙ በየሦስት ወሩ የልጆቹን ቁመት በግድግዳ ላይ በሜትር ለክቶ በደብተር ቢይዝ ማን በፍጥነት እያደገ እንደሆነ ያውቃል፤ ለዚያ ልጅ ለጊዜው ዝላይና ሩጫ ይቀንስለታል። የሚያስፈልገው ሜትርና ደብተር ብቻ ነው። የቀድሞው ተጫዋች ወንድሜ ጉዳት ከዚህ የከፋ እንደነበር እገምታለሁ፤ እሱም ቢሆን በሁለተኛው ሳምንት ሐኪም ቢያየው ኖሮ ስድስት ወር አይጎተትም ነበር።

ሌላው ፊፋ ያሠራጨው «11 ፕላስ» የተባለው የማሟሟቂያ መርሐ ግብር ነው። 15 እንቅስቃሴዎች አሉት፤ ወደ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከኳስ በቀር መሣሪያ አይፈልግም። በትክክልና በየልምምዱ በሚሠሩት ቡድኖች ዘንድ ጉዳት በግልጽ እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። አባትየው ክለቡን ይህን ይሠሩ እንደሆነ ቢጠይቁ መልሱ ስለ አሰልጣኙ ብዙ ይነግራቸዋል።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ግን የልብ ምርመራን ነው። ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪየን ፎኤ በሰኔ 2003 እ.ኤ.አ. ሊዮን ላይ ሜዳ ውስጥ ወድቆ ሲሞት ልቡ ሳይታወቅ የኖረ ሕመም ነበረበት። ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰን በ2021 እ.ኤ.አ. በተመሳሳይ ሁኔታ ሲወድቅ የተረፈው ወዲያው ደረቱን ተጭነው ልቡን የሚያነቃ መሣሪያ ስለተጠቀሙለት ነው። በእኛ ሀገር ደግሞ በልጅነት በሚገባ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም አለ፤ የልብ ቫልቮችን ቀስ በቀስ ያበላሻል፤ ልጁም እስኪጎዳ ድረስ ጤነኛ ይመስላል። ማንኛውም ልጅ ካምፕ ከመግባቱ በፊት ልቡ በሐኪም ይደመጥ፣ ቢቻል ኢሲጂ (የልብ ምትን የሚመዘግብ ምርመራ) ይነሣ። በቤተሰቡ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለም መናገር ይገባል። በካምፑ ውስጥ የሚኖሩ ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ልብ ሲቆም ደረት መጫንን የሠለጠኑ መሆን አለባቸው፤ ይህን ሥልጠና ለመስጠት እኔ ራሴ በነፃ ፈቃደኛ ነኝ።

ስለ ምግብም አንድ ነገር ልጨምር። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የውድድሩም ወቅት አብሮ ይውላል። ልጁን ጹም ወይም አትጹም ማለት የእኔም የአሰልጣኙም ሥራ አይደለም፤ የወላጁና የንስሐ አባቱ ነው። የክለቡ ድርሻ የሚጾመው ልጅ ከ9 ሰዓት በፊት ከባድ ልምምድ እንዳይሠራ ማድረግና ሲበላ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላውና ጎመኑ በበቂ መጠን እንዲቀርብለት ማድረግ ነው። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከእህሉ የሚያገኘውን የብረት ንጥረ ነገር ስለሚያሳጣ ከምግቡ አንድ ሰዓት ቢርቅ ይመረጣል። በረመዳን ለሚጾሙት ልጆችም ልምምዱን ከማፍጠሪያው ጋር ማስማማት ይቻላል።

የስፖርት መምህር (ሸዋ ሮቢት)

ሐኪሙ ያላነሡትን አንድ ነገር ላስታውስ። ከመንዝ የሚመጣ ልጅ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያደገ በመሆኑ ወባን አያውቃትም፤ ሰውነቱም አልለመዳትም። ቡድኑ ጣርማበርን ተሻግሮ ወደ እኛ ወደ ቆላው ወይም ወደ ሌላ ሞቃት ከተማ ለውድድር ሲወርድ ልጆቹ ያለ አጎበር ትምህርት ቤት ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈው ሲተኙ አይቻለሁ። ከተመለሱ ከአሥር ቀን በኋላ ትኩሳት ሲጀምራቸው ደጋ ላይ ስለሆኑ ማንም ወባን አያስብም። ጋሼ፣ አጎበር ከልጅዎ ሻንጣ እንዳይጠፋ፤ ቆላ ደርሶ የተመለሰ ልጅ ሲያተኩሰውም በዚያው ቀን ደሙ እንዲመረመር ለክለቡ ያሳስቡ።

ስለ ትምህርት ደግሞ ኳስና ደብተር አብረው አይሄዱም የሚለውን አልቀበልም። በኮትዲቯሯ ከተማ በአቢጃን የአሴክ ሚሞዛ ክለብ አካዳሚ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ልጆቹን በካምፑ ውስጥ እያስተማረ ነበር የሚያሠለጥነው፤ ታዋቂዎቹ ተጫዋቾች ኮሎ ቱሬ፣ ያያ ቱሬና ጀርቪንሆ ከዚያ ወጡ። በ1999 እ.ኤ.አ. ክለቡ የአካዳሚውን ታዳጊዎች አሰልፎ በአፍሪካ ሱፐር ካፕ የቱኒዚያውን ኤስፔራንስን 3 ለ 1 አሸንፏል። በዓመቱ መጀመሪያ የክለቡ አሰልጣኝና የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ተቀምጠው የፈተና ቀኖችን ቢያስቀምጡ፣ አንድ መምህርም የልጆቹን ከክፍል መቅረት በየሳምንቱ ለክለቡ ቢያሳውቅ ብዙ ነገር ይስተካከላል። ተማሪዎቼን ለውድድር ስሸኝ የምጠይቀው መቼ እንደሚመለሱ ብቻ ነው፤ መልሱን በጽሑፍ ያገኘሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የሕግ ባለሙያ (ፍቼ)

አቶ የመንዙ አባት፣ ወረቀቱን ባለበት ሁኔታ አይፈርሙ። ምክንያቱን ላስረዳ።

የፊፋ የተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንብ አንቀጽ 18 ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከ3 ዓመት ለበለጠ ጊዜ የሚያስር ውል ሊፈርም እንደማይችል ይደነግጋል፤ ከዚያ ያለፈው ዘመን ዕውቅና አያገኝም። 5 ዓመት ለአዋቂ የተፈቀደው ጣሪያ ነው። ይህ አንቀጽ ብሔራዊ ፌዴሬሽኖች በሀገር ውስጥም እንዲሠሩበት ከሚገደዱባቸው አንዱ ነው። ስለዚህ የተላከልዎት ወረቀት ገና ከመነሻው ስሕተት አለበት፤ የጻፈው ሰው ደንቡን አላነበበም ማለት ነው፤ ወይም እርስዎ አያነቡትም ብሎ አስቧል።

ልጁ ደመወዝ የሚከፈለው ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ላለ ወጣት ሠራተኛ የሥራ ሰዓቱ በቀን ከ7 እንዳይበልጥ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሊት ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36ም ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛና ትምህርታቸውን ከሚጎዳ ሥራ ይጠብቃል። ይህን የምጠቅሰው ክለቡን ፍርድ ቤት እንዲያቆሙት ሳይሆን ሲነጋገሩ ችሮታ እየለመኑ እንዳልሆነ እንዲያውቁ ነው።

ወደ ውጭ እወስደዋለሁ የሚል ሰው ቢመጣብዎት ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ዓለም አቀፍ ዝውውር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር የተከለከለ መሆኑን ይወቁ። ባርሴሎናን የሚያህል ክለብ ይህን በመጣሱ በ2014 እ.ኤ.አ. ተቀጥቶ ሁለት የዝውውር መስኮት (ተጫዋች የሚዛወርበት ወቅት) ታግዶበታል። ለቪዛና ለሙከራ ገንዘብ የሚጠይቅዎትን ደላላ ከደጅዎ ይመልሱት።

በጽሑፍ ሊኖር የሚገባው የውሉ ዘመን፣ የሕክምና ወጪው የማን እንደሆነ፣ ጉዳቱ ከውሉ ማብቂያ በኋላ ቢቀጥል እንኳ ክለቡ ሕክምናውን እንደሚጨርስ፣ ክለቡ ልጁን ካልፈለገው በምን ያህል ቀን ውስጥ መልቀቂያ እንደሚሰጥ ነው። በወንድማችን ላይ የደረሰውን አንድ የባከነ ዓመት የምታስቀረው ይህች የመጨረሻዋ አንቀጽ ናት። አንድ ቅጂ በእጅዎ ይቅር።

የተጫዋች እናት (ደብረ ሲና)

እኔ ሴት ልጄን ነው የሰጠሁት፤ በሴቶች ቡድን ትጫወታለች። ካምፑን ሳላይ አልሰጠሁም። መኝታ ክፍሉ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ፣ ሌሊት የምታድረው አዋቂ ሴት ናት ወይ፣ አሰልጣኙ አንዲትን ልጅ ብቻዋን ቢሮው ይጠራል ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ ያፈረብኝም የተቆጣኝም ነበር። አንዲት የቡድን መሪ ግን አመሰገነችኝ፤ ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል እንዳይቀመጥ ደንብ አወጣች። ወንድሜ፣ የወንድ ልጅ አባት ይህን መጠየቅ አያስፈልገውም ብለው እንዳያስቡ፤ ወንዶች ልጆች ጥቃት ቢደርስባቸው እንኳ ከሴቶቹ ይልቅ ዝም ይላሉ። ልጁ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማንም ሳይሰማው በስልክ የሚያናግርዎት ሰዓት ይኑረው።

የክለብ አስተዳደር ሠራተኛ (ሰሜን ሸዋ)

ሁሉንም አንብቤአለሁ፤ ሜትሩና ደብተሩ ላይ መልስ የለኝም፤ ልናደርገው ይገባን ነበር። አጎበሩንም እንዲሁ። የሕግ ባለሙያውን ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጁን አራት ዓመት አብልተንና አሠልጥነን መልቀቂያውን በፈለገው ጊዜ የምንሰጥ ከሆነ ክለቡ ምን ያገኛል?

የሕግ ባለሙያ (ፍቼ)

ተገቢ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ ያልኩት ክለቡ ካልፈለገው የሚል ነው፤ የምትፈልጉትን ልጅ በተፈቀደው 3 ዓመት ውል መያዝ ትችላላችሁ።

ከዚያ ባሻገር ደንቡ አሠልጣኝ ክለብን አልረሳም። ተጫዋቹ ወደ ሌላ ሀገር ክለብ በክፍያ ሲዛወር ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፤ ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ የውድድር ዘመን የዋጋው 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው 0.5 በመቶ ይደርሳል። ልጁን ከ14 እስከ 17 ዓመቱ ያሠለጠነ ክለብ ልጁ በኋላ በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ፣ በጊዜው በእጁ ባይኖርም እንኳ፣ 15,000 ዶላር ይጠብቀዋል። ፊፋ ይህን ክፍያ የሚያስተላልፍ ማዕከል በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ አስጀምሯል። ነገር ግን የሚከፈለው በፌዴሬሽኑ መዝገብ ላይ ለተመዘገበ ልጅ ነው። በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ዝርዝር ልጆችን የሚቀበልና የሚያሰናብት ክለብ በገዛ እጁ ይህን መብት እየጣለ ነው።

ዕድሜንም በትክክል መዝግቡ። የልደት ምዝገባ በሀገራችን በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ ብዙ ልጆች የክርስትና ወረቀት ብቻ አላቸው፤ ይህን ክፍተት ተጠቅሞ ዕድሜ መቀነስ ተለምዷል። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ላይ ዕድሜን ለማረጋገጥ የእጅ አንጓን አጥንት በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ የምስል መሣሪያ) ያስመረምራል። ከሁሉ የሚጎዳው ግን እውነተኛው የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ ከ19 ዓመት ጎረምሳ ጋር ተጋፍቶ ይሰበራል፣ ደካማ ተብሎም ይሰናበታል።

የቀድሞ ተጫዋች (ደብረ ብርሃን)

የክለቡ ወንድማችን ስላመኑ አመሰግናለሁ። ለእኔ ግን ከገንዘቡ የሚቀድም አንድ ነገር አለ። ስሙ ያልተጻፈለትን ልጅ አሰልጣኙ ለብቻው አስቀምጦ ያነጋግረው፣ አባቱ እንዲመጣ ደውሎ ይጥራው፣ የትምህርት መሸኛውንና የሕክምና ወረቀቱን በእጁ ይስጠው። እኔ ቤት ደርሼ ለአባቴ የተናገርኩት ዕረፍት መጣሁ ብዬ ነው፤ እውነቱን የነገርኩት መስከረም ሲጠባ ነበር።

የመንዙ አባት (መሐል ሜዳ)

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፋችሁትን ለባለቤቴም ለልጄም አነበብኩላቸው። ልጄ የጉልበቱ ታሪክ ላይ ስደርስ ዝም ብሎ ወጣ፤ ማታ ተመልሶ ተረከዙን ከጥቅምት ጀምሮ እንደሚያመው ነገረኝ። ሙከራውንም በዚሁ ሕመም ነው ያለፈው። ማክሰኞ ደብረ ብርሃን ወስጄ አሳየሁት፤ ሐኪሙ ዕድገቱ ያመጣው ነው፣ ስድስት ሳምንት ሩጫና ዝላይ ቀንስ ብሎታል፤ ልቡንም አዳምጦ ደኅና ነው አለኝ።

ለክለቡ ጥያቄዎቻችሁን በሁለት ገጽ ጽፌ ላክሁ። ውሉን ወደ 3 ዓመት ዝቅ አድርገውታል፤ ሕክምናውንና በ30 ቀን ውስጥ የሚሰጠውን መልቀቂያ ጽፈውልኛል። የ8ኛ ክፍል ፈተናውን ሳይወስድ አይመጣም ስላቸውም ተስማምተዋል። የተሰናበቱ ልጆችን አባቶች ስልክ ስጠይቅ የአንዱን ብቻ ሰጡኝ፤ የሌሎቹን አናውቅም አሉ። የሰጡኝን አባት ደውዬ አግኝቻቸዋለሁ፤ ልጃቸው ጤነኛ እንደሆነና ትምህርቱን እንዳላቋረጠ ነገሩኝ።

እስካሁን አልፈረምኩም። ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ካምፑን ለማየት እንሄዳለን። ውሉን እኔ አነብበዋለሁ፤ እሷ ግን የምታየው ሌላ ነገር አላት፤ ሌሊት የሚያድረው ኃላፊ የሚተኛበት ክፍል ከልጆቹ በር ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ራሷ ሄዳ ልትለካው ነው።